ዓምደ ሚካኤል ያልተሳፈረበት መርከብ

ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማ የሚኖሩ ሐበሾች ልብሳቸውን ተሸክመው ወደ ምድር ቤቱ ማጠቢያ ክፍል ይወርዱ ነበር። ማሽኑ እስኪጨርስ ወሬ ይያዛል። ወሬው ዞሮ ዞሮ «ነገ የት እንሂድ?» ላይ ያርፋል። መልሱ የሚጠበቀው ከዓምደ ሚካኤል ነው።

ዓምደ ሚካኤል የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ሲያትል የገባው በ1983 ሲሆን፣ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ያላገባ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ማንም ሳይሾመው የቅዳሜ ሽርሽር አዘጋጅ ሆነ። አብዛኛው ሰው መኪና ስላልነበረው፣ ከአውቶቡስ ሂሳብ በላይ የማያስወጣ ቦታ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ነበር። ዝናቡ ሲያስመርር በመስታወት ወደተሠራው የአበባ ቤት ያስገባቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ጽጌረዳ ወደሞላበት መናፈሻ ይወስዳቸዋል። አንዳንዴም ኤርፖርት ሄደው አውሮፕላን ሲነሳ ሲያርፍ ሲያዩ ይውላሉ። ምሳ ከየቤቱ ይመጣል። በጾም ወራት፣ ኦርቶዶክሶቹ እንዳይቸገሩ ብለው ጴንጤዎቹም ሽሮ ይዘው ይመጡ ነበር።

ዓምደ ሚካኤል የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሲያትል በየት ቢዞሩ ውሃ ነው፤ እሱ ግን የመርከብ ነገር ሲነሳ «ይነፍሳል» ወይም «ሰልፉ ረጅም ነው» ይልና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

በ1985 በጋ አቶ ተክለ ጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ እዚያው ሕንጻ የሚኖር ልጃቸው ዘንድ መጡ። አንድ ዓርብ ማጠቢያ ክፍሉ ድረስ ወርደው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ዓምደ፣ ያ መኪና የሚውጠው መርከብ ብዙ ያስከፍላል?»

«ብዙስ አያስከፍልም፣ አባባ። ግን ይነፍሳል።»

«ጋቢ አለኝ።»

ሽማግሌን እምቢ ማለት አልቻለም። በማግስቱ ሁሉንም መርቶ ወደቡ ድረስ ወሰዳቸው፣ ትኬት ቆርጦ አደላቸው፣ የትኛው ፎቅ ላይ ቢቀመጡ ጥሩ እንደሆነ፣ በየትኛው መርከብ እንደሚመለሱ ነገራቸው። ውባንቺ እጁን አየች። ውባንቺ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ የመጣላትን የምትናገር ሴት ናት።

«ያንተስ ትኬት?»

«እኔ እዚህ ዕቃ እጠብቃለሁ።»

«የምን ዕቃ? ሁሉም ዕቃውን ይዟል እኮ።»

ዓምደ ሚካኤል የመመለሻውን መርከብ ሰዓት እንደገና ይነግራት ጀመር።

«ትፈራለህ እንዴ?»

«አዎ።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ውሃው ይበዛብኛል።»

«ኦኬ» አለችና ሌሎቹን ተከትላ ገባች።

እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አፍራለሁ ብሎ ሲጠብቅ የመጣበት ረሃብ ሆነ፤ ምሳውን አውጥቶ በላ። መርከቡ ከወደቡ ሲርቅ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። የአቶ ተክለ ጻድቅ አፍንጫ በንፋስ ቀልቷል።

«ማዶው ምንም የለበትም» አሉ። «አንድ አይስክሬም ቤት ነው ያለው። መሀሉ ላይ ስትደርስ ግን...» ብለው ተዉት።

ውባንቺ ነገሩን ለአንዱ ነገረች፣ ያም ለሌላው፤ በሳምንቱ ሕንጻው ሁሉ አወቀ። ተቀለደበት፣ ቀልዱም አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዓምደ ሚካኤል የመርከብ ሽርሽርም ያዘጋጅ ጀመር። ሰዉን ይሸኛል፣ እዚያው ምሳውን ይበላል፣ ሲመለሱ ይቀበላቸዋል። ማንም «ና» አላለውም።

በ1987 ውባንቺ ብሬመርተን የሚሠራ ሰው አግብታ ወደ ማዶ ተሻገረች። ልጇ አንድ ዓመት ሲሞላው ደግሳ የድሮ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሁሉም ተጠራርተው በመርከብ ሄዱ። ዓምደ ሚካኤል ግን ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ በአውቶቡስ በስተደቡብ ወዳለችው ታኮማ ከተማ ወረደ፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ውሃው ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ድልድይ ተሻገረ። ድልድዩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቤቷ ሲደርስ ምሳ ተነስቷል፣ ሰዉ ወሬ ላይ ነው።

«በየት መጣህ?» አለች በሩን ከፍታ።

«በታኮማ።»

«ዙሪያውን?»

«ዙሪያውን።»

ድርሻውን ምድጃ ውስጥ አስቀምጣለት ኖሯል። እሱ ሲበላ ሕፃኑን አቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ስለ አዲሱ ሥራዋ አጫወተችው። ሌሎቹ የማታውን መርከብ ሊጠብቁ ሲቀሩ እሱ መንገዱ ሩቅ ነውና ቀድሟቸው ተነሳ። ውባንቺ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው፣ ሕፃኑን ለባሏ አቀብላም እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘችው።