ዘጠኙ ንጹሕ ኩባያዎች

ወገኖች፣ ነጋዴ ነኝና ከወጪው ልጀምር። ይህ ነገር አሥራ አንድ ኩባያ ሽንት፣ አንድ ከረጢት ጫትና ባለቤቴ በእኔ ላይ የነበራትን እምነት አስወጥቶኛል። ጌታ ያደረገልኝን እንድመሰክር ፍቀዱልኝ።

እዚህ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ያገለገለ መኪና እንደምሸጥ ታውቃላችሁ። ቀለሙን አሳይቶ ሞተሩን ማስረሳት እችልበታለሁ። ፖሊስ መኪናዬ ውስጥ በዚህ አገር የተከለከለውን ደረቅ ጫት ሲያገኝ ግን ማስረሳት አልተቻለም። ታሰርኩ፣ በዋስ ወጣሁ። ዳኛው፣ «ፍርድ እስኪሰጥ በየሳምንቱ ሽንትዎ ይመረመራል። ለቅጣት አይደለም፤ ምርመራ ሰውን ከሱስ ይጠብቃል ብዬ ስለማምን ነው። ከተገኘብዎት ግን ወደ እስር ይመለሳሉ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቅሜ፣ እየፈራሁ ሄድኩ። ውጤቱ ንጹሕ። ለካ ምርመራው ሌላውን ሁሉ ሲፈልግ ጫትን አይፈልግም። ሶ፣ ዘጠኝ ሳምንት ቃምኩ፣ ዘጠኝ ጊዜ ንጹሕ ተባልኩ።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ሰብለ እዚሁ ቆማ፣ «ጌታ ባሌን ነጻ አወጣው፤ ማስረጃው ይኸው» ብላ ዘጠኙንም የምርመራ ወረቀት ከፍ አደረገች። እናንተም እልል አላችሁ። እኔ እሷን አድርሼ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምጠብቀው፤ ያን ቀን ግን ጎትታ አስገብታኝ ኋላ ተቀምጫለሁ። ብዙ ደንበኛ አታልያለሁ፤ ጉባኤ ሙሉ ሰው በእኔ ውሸት ጌታን ሲያመሰግን ግን አልቻልኩም። ወጥቼ ከመኪናዬ ወንበር ሥር የነበረውን የጫት ከረጢት ጣልኩ። መሪው ላይ ተደፍቼ፣ «ጌታ ሆይ፣ ቀለሙን ተወው፤ ሞተሩን እየው» አልኩ። አየው፤ ስሙ ይባረክ።

ለሰብለ ስነግራት፣ «እኔን በሐሰት አስመሰከርከኝ?» አለች። «ለዳኛውም ትነግራለህ።»

ጠበቃዬ፣ «ንጹሕ የሚል ወረቀት ይዘህ? አብደሃል?» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን በዳኛው ቦታ የተሰየሙት ሌላ፣ ሴት ዳኛ ነበሩ። ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። በአስተርጓሚ፣ «ጥፋተኛ ያልተባለን ሰው ሽንት መመርመር ብዙም አላምንበትም» አሉ። «የሽንት ኩባያ ሰውየው በቀጠሮው ይምጣ አይምጣ አይነግረኝም። እርስዎ መጥተዋል፣ እውነቱንም ተናግረዋል። የባልደረባዬን ትእዛዝ ግን አልሽርም፤ ከእንግዲህ ጫትን በሚያገኝ ምርመራ ይመርመሩ።» አላሰሩኝም። ጌታ ይመስገን።

ሁለት ጊዜ ተመረመርኩ፤ ሁለቱም ንጹሕ። መኪና ሸጬ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ሰብለ ወረቀቶቹን ተቀብላ፣ «እስቲ እናያለን» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ልክ ናት።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ምርመራ የማያገኘው ነገር ካለብህ፣ ካለብሽ፣ ለጌታ ንገሩት። ቀድሞ አይቶታል፤ አይጥላችሁም።

ሒሳቡ ይኸው፦ ዘጠኝ የውሸት፣ ሁለት የእውነት። ክሱ ገና አልተዘጋም።