ማሲንቆው የጠፋበት ኤርፎን

ካሴት ቤት በነበረኝ ዘመን ሰቆጣ ውስጥ ስለ ድምፅ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ቀን ካሴት ስገለብጥ ውዬ፣ ሲመሽ ደግሞ ሳዳምጥ አመሻለሁ። ደንበኛ አንዱን ዘፈን ሰምቶ "ጥሩ ነው" ብሎ ሲያልፍ ይቆጨኛል። ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል? ደጋኑ የማሲንቆውን ጭራ ሲፍቀው ይሰማል? ይህን ስጠይቃቸው ሒሳባቸውን ከፍለው ውልቅ ይላሉ።

እህቴ ከሳዑዲ ኤርፎን የላከችልኝ ጊዜ ታዲያ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለው፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የውጭውን ጫጫታ ጭጭ የሚያሰኝ ነው። ወዲያው ውድድር አዘጋጀሁ፤ አንድ ዎክማን፣ አንድ ካሴት፣ ሦስት ኤርፎን። ከወልድያ የገዛሁት ከበሮ ብቻ ይወዳል፤ ሌላውን ይውጠዋል። ባለ ስፖንጁ አሮጌ ደግሞ ሽቦው ተበጥሶ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምጥሜ ስለጠገንኩት ግራና ቀኝ አያውቅም፤ ሁሉንም ደባልቆ በሁለቱም ጆሮ ያንኑ ያሰማል። የእህቴ ግን ማሲንቆውን በግራ፣ ዘፋኟን በቀኝ አስቀምጦ እኔን መሃላቸው ያስገባኛል። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ምስክር አማረኝና አባቴን መረጥኩ። አባባ ማሲንቆ ሲሰሙ ምግብ የሚረሱ ሰው ናቸው። ደግሞም በዚያ ሰሞን ከፍቷቸው ስለነበር ላጫውታቸው ፈልጌ ነበር።

የከፋቸው በሽምግልናቸው ነው። ከጋዝጊብላ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቀፎዎች ተጣልተው፣ እሑድ እሑድ ግቢያችን እየመጡ በእሳቸው ሰብሳቢነት ይሸመገሉ ነበር። እንደ ደንቡ ታላቅየው በአባባ ቀኝ፣ ታናሽየው በግራቸው ይቀመጣል። ታናሽየው በየጊዜው ድምፁን ከፍ እያደረገ ሄዶ በመጨረሻ፣ "እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል?" ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሽማግሌው አዳልተዋል ማለቱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ አባባ ለታላላቆች ያደላሉ የሚለው ወሬ ከተማውን ከዞረ በኋላ ነው እሳቸው ዘንድ የደረሰው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታርቁ ለኖሩ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። "ስሜ እንዲህ ከጠፋ ሽምግልናውን እተወዋለሁ" እያሉ ነበር።

መጀመሪያ ባለ ስፖንጁን አደረግሁላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ቀጥዬ የእህቴን ጎማ ጆሯቸው ውስጥ ሰካሁና ፊታቸው ሲበራ ለማየት ጠበቅሁ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ማሲንቆው የት ሄደ?"

"አለ እኮ አባባ፤ ደህና አድርገው ይስሙት።"

"የለም። ሴትዮዋ ብቻዋን ነው የምትዘፍነው። ይኼ የሳዑዲው ማሲንቆ አይወድም እንዴ? ያንን አሮጌውን አምጪልኝ።"

እልህ ያዘኝ። ነቅዬ እኔ ሰማሁት፤ ማሲንቆው ቁጭ ብሏል። መልሼ ስሰካላቸው ግን በችኮላ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አደረግሁት።

"አሁን መጣ" አሉ ደስ ብሏቸው። ትንሽ ቆይተው፣ "ሴትዮዋስ?"

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደነገጥኩም። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ። ኤርፎኑን አውልቀው ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑና፣ "እስቲ በግራዬ ሆነሽ አንድ ነገር በዪ" አሉኝ። "አባባ፣ አይዞዎት" አልኳቸው። ከንፈሬን አዩ። ደገምኩት። አሁንም ከንፈሬን ነው የሚያዩት።

መዳፋቸውን አነሱና ሳቁ። "ግራዬ ከሞተ ሰንብቷል ለካ። መርዶውን የነገረኝ ኤርፎን ሆነ።" እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እፎይ ብዬ ነበር። ከዚያ ግን ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። "ታናሽየው የሚቀመጠው በግራዬ ነው" አሉ።

የሰው ጆሮ ቢደክም ሐኪም ያየዋል፣ ዕድሜ ነው ይባላል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ያ አልነበረም። በግራቸው ተቀምጦ የተሸነፈውን ታናሽ ሁሉ በልባቸው መቁጠር እንደያዙ ፊታቸው ላይ አየሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ታናሽየውን አማላጅ ልከው አስመጡት። ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ተነሱና፣ "ግራ ጆሮዬ አይሰማም። በግራዬ የተናገራችሁትን ሁሉ ሳልሰማ ነው የፈረድኩት" አሉ። ከዚያ ታላቅየውን ወደ ግራ፣ ታናሽየውን ወደ ቀኝ አዛወሩ። ታላቅየው "ደንቡስ?" ብሎ አጉረመረመ፤ እሱንም አልሰሙትም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"በል ልጄ" አሉ ወደ ታናሽየው ዘንበል ብለው፣ "ያልከኝን እንደ አዲስ ንገረኝ።"

ታናሽየው የዚያን ቀን አልጮኸም። "ቀፎው ሁሉ ለወንድሜ ይሁን። እኔ ገደል በገመድ ወርጄ ካመጣሁት ንብ አንዲት ቀፎ ብቻ ትተውልኝ" አለ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ይህንኑ ቃል በየእሑዱ ከጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹም ሰምተውታል፣ ሰብሳቢው ሰምተው ያለፉት መስሏቸው ነው ዝም ያሉት። አባባ ወደ እነሱ ዞረው፣ "ይኼን ብቻ ነው እንዴ ሲለን የከረመው?" ብለው ጠየቁ።