አስካለ ለኢንሹራንሷ ሴትዮ ተነሳች

ሴትዮዋ በሩን ቆርቁራ ስትገባ ባለቤቴ አስካለ ከወንበሯ ተነሳች።

ተነሳች ስላችሁ ዝም ብሎ መነሳት እንዳይመስላችሁ። ግራ ጎኗን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ ካልደገፋት ከአልጋ ወደ ወንበር አትሻገርም ነበር። የዚያን ቀን ግን በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣ እየተንቀጠቀጠች... ቆመች። አንገቷን ሰበር አድርጋም «እንደምን ዋልሽ ልጄ» አለቻት። እኔ ራሴ ክው አልኩ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሲያትል ነው፤ በፈረንጁ ሰማንያዎቹ ውስጥ። አስካለ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያንና የሕሙማን መጦሪያ ቤት ገብታለች። ሳትታመም በፊት እሷም እንዲህ ባለ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ትሠራ ስለነበር ጧሪ የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን አይታለች። «ነገ የእኛም ተራ ነው» ብላ ለነርሲንግ ሆም የሚከፍል ኢንሹራንስ ያስገባችን እሷው ናት። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ግን ያለ ሰው እርዳታ መቆም ለማይችል ነው። ነርሲንግ ሆሙ «አትችልም» ብሎ የሂሳብ ቢል ላከ። ኢንሹራንሱ «ማስረጃ የለም፣ አልከፍልም» አለ። አይታ እንድትፈርድ ኢንሹራንሱ የላካት ነርስ ናት እንግዲህ ይቺ ሴትዮ።

«እንዴት ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«የሚያምሽ ነገር አለ?»

«ተመስገን ነው ልጄ።»

እንዳለችው ነገርኳት። ሴትዮዋ ሳትቀመጥ ስለቀረች አስካለም አልተቀመጠችም። ነርሷ ፈገግ ብላ ጽፋ፣ አመስግናን ወጣች። በሩ ገና ሳይዘጋ አስካለ እላዬ ላይ ወደቀች።

ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። በሽተኛዋ ብቻዋን ትቆማለች፣ ደህና ነኝም ብላለች፣ አንከፍልም።

በነርሲንግ ሆሙ ቢሊንግ በሚሉት የሂሳብ ክፍል ለተብርሃን የምትባል፣ አዲስ አበባ ያደገች የኤርትራ ልጅ ነበረች። ቢሮዋ አስጠራችኝ።

«ጋሼ ወርቁ፣ ምን ነካችሁ? እትዬ አስካለ ለምንድን ነው የተነሱት?»

«እንግዳ መጣባታ!»

«ጋሼ፣ እንግዳ አይደለችም እኮ፣ ኢንሹራንስ ናት!» ጭንቅላቷን ያዘች። «ኦኬ... ኮል አድርጌ እንደገና ትምጣ ብያቸዋለሁ። እኔ ላስተርጉም ብል መሥሪያ ቤትሽ ጥቅም አለው ብለው እምቢ አሉኝ። ሶ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። እንዳይነሱ። ደህና ነኝም እንዳይሉ።»

ለአስካለ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«እና ቁጭ ብዬ ልጨብጣት? እንደ ባላባት?»

«አዎ።»

«እንዴት ነሽ ስትለኝስ? በእግዚአብሔር ላማርር?»

«አስኩ፣ አልጋሽን ይነጥቁሻል። እኔ ኤቨረት ድረስ ሥራ ስሄድ ማን ያነሳሻል? ማን ያገላብጥሻል?»

ሳቋን አቆመች። «እሺ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። ለተብርሃን ከኋላዋ በሩ ላይ ቆማለች። አስካለ የአልጋውን ብረት ልትይዝ ደህናውን እጇን ዘረጋች... አየኋት። እጇን መለሰች። ቁጭ እንዳለች ሴትዮዋን ጨበጠቻት። ፊቷ ግን በሐፍረት ቀላ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ ስታፍር አይቻት አላውቅም።

አንድ ነገር ሳትጠየቅ «ይቅር በይኝ ልጄ» አለቻት። «አትነሺ ብሎኝ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

ለተብርሃን ከኋላ ጭንቅላቷን ወዘወዘች። አይ፣ አይ፣ አይ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛዬም የጽዳት ሥራ እንግሊዝኛ ነው። ግን ይቺን ለማለት ይበቃል። «መቆም አልቻልኩም፣ ይቅርታ ትላለች» ብል እሱም እውነት ነበር። ያለ ሰው መቆም እንደማትችል ጉልበቷ ያውቃል። ግን ጠዋት ተንበርክኬ ከአንደበቴ ሐሰት እንዳይወጣ ጠብቀኝ ብዬ የወጣሁ ሰው ነኝና...

«ባሌ አትነሺ ብሎኝ ነው፣ ይቅር በይኝ ትላለች» አልኩ።

የሴትዮዋ እስክሪብቶ ቆመ። «ባሏ ማን ነው?»

«እኔ።»

ጻፈች። ለረጅም ጊዜ ጻፈች። የአስካለን ጉልበት ነክታ፣ እጇን አንስታ አልመረመረችም።

ስትወጣ ለተብርሃን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ጠየቀዎት?»

«እሷ ጠየቀችኛ!»

«ኡፍ! እርስዎ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለቢል አይሆኑም!»

ከዚያ በኋላ በሆነው እኔ አልነበርኩበትም፤ አስካለም አልነበረችበትም። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ስልክ ተደወለልኝ፤ ለተብርሃን ናት።

«ጋሼ፣ ጉዳዩ አለቀ። ተስማሙ።»

«እነማን?»

«ኢንሹራንሱና እኛ። የእስካሁኑን ዕዳ እኩሌታ እነሱ ይከፍላሉ፣ እኩሌታውን እኛ እንተዋለን። እርስዎ ምንም የለብዎትም።»

«አልጋውስ?»

በስልኩ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ጋሼ... ቤት መኖር ትችላለች ብለው ሁለቱም ፈርመዋል። እትዬ አስካለ ዓርብ መውጣት አለባቸው።»

ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ወዳለችው አንድ ክፍል ቤታችን ወሰድኳት። እኔ ሥራ ስሄድ የማኅበራችን ሴቶች እየተፈራረቁ ያዩዋት ነበር፤ ግን እነሱም ሠራተኞች ናቸው፣ ማንም የማይሞላው ሰዓት ነበር። ያረፈችው በማይሞላው ሰዓት ነው። ስመለስ ራዲዮው ብቻ ያወራል።

እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ያን ቀን እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው ወይስ «እውነተኛ ሰው» መባሉ ጥሞኝ? አንዱን ይዤ እንዳልተኛ ሌላው ይቀሰቅሰኛል። አስካለ ግን አልወቀሰችኝም። ቤት የገባን ቀን «እንኳን ነገርካት፣ ባለጌ ናት እንዳትለኝ» ነው ያለችኝ።

ያን ሰሞን ሁሉ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን የኢንሹራንስና የነርሲንግ ሆም ጠብ አብርድልን» እያልኩ እጸልይ ነበር... አበረደው፤ እኛን ውጭ አስቀርቶ።