የእህቴ አውራ ጣትና የብስኩት ቆርቆሮዋ

በእኛ ግቢ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው የሚውጥ ሰው እንደ ስግብግብ ነበር የሚታየው። አትሳቁ። ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው የቀረውን ምን ሊያደርግለት ያሟጥጠዋል? ነገ ጎረቤት ይታመም ይሆናል። ስለዚህ የተረፈው እንክብል ሁሉ ታላቅ እህቴ ዘንድ ይመጣና አልጋዋ ራስጌ ያለችው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ በቀለሙ ነው የምንጠራው። ቀይና ቢጫው፣ ቀይና ጥቁሩ፣ በቃ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን የግማሽ ካዛንቺስ ልጅ ዩኒፎርም ከእሷ እጅ ነበር የሚወጣው። ክር የምትቆርጥባት ትንሽ መቀስና ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የብረት ቆብ በአንድ ጥብጣብ ታስረው አንገቷ ላይ ይንጠለጠላሉ። ያሰረቻቸው ጎረቤት ቆቧን እየተዋሰ ስለማይመልስ ነው፤ መቀሷ አብራ ከሄደች ግን እህቴ ራሷ ፈልጋ ታስመልሳለች። ሁለተኛው ሥራዋ ደግሞ ሐኪምነት ነው። እኔ ለማብሸቅ «ዶክተር» እላታለሁ፤ እሷ ደስ ብሏት «አቤት» ትለኛለች።

ነሐሴ ላይ፣ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተከምሮ እያለ፣ መርፌ የቀኝ እጇን አውራ ጣት ወጋት። መርፌ ለእሷ ብርቅ አይደለም። ይቺኛዋ የወጋቻት ቦታ ግን በማግስቱ ቀላ፣ አበጠ።

«ሐኪም ቤት ሂጂ» አልኳት።

«ሐኪሟ ማን ሆነና?»

ቀይና ቢጫውን ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችና በጨርቅ አሰረችው። አንድ ሁለቱን ደግሞ ዋጠች። ከጎን ቤት ያለችው ጎረቤታችን ሰምታ ባሏን ሲሻለው የተረፈውን ይዛላት መጣች።

«ቀይና ጥቁሩ ይሻልሻል፣ እትዬ። የእሱን ጉሮሮ ድራሹን ነው ያጠፋለት!»

«ጉሮሮውን ነው ሕመሙን?» አልኩ እኔ፤ የሰማኝ የለም።

እህቴ እሱንም ጀመረችና ቀለል አላት። ቀለል ሲላት አቆመችና የቀረውን ወደ ቆርቆሮዋ መለሰች። ማለቴ፣ በገዛ ጣቷ ላይ እንኳን ለሰው ማሰብ!

ከዚያ ጣቷ እንደገና ተነሳ፤ ድንች አከለ። ቅላቱ መስመር ሠርቶ ወደ ክንዷ ወጣ። መቀስ መያዝ አቃታት። አውራ ጣት የሌላት ልብስ ሰፊ ምን ትሆናለች? ያኔ ዝም አለች። እህቴ ስታወራ እስቅባታለሁ፤ ዝም ስትል ግን እፈራለሁ። በሚኒባስ ይዣት ስታዲየም አካባቢ ያለ ሐኪም ቤት ሄድን። ጥብጣቧን ከአንገቷ አላወለቀችም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «እናቴ፣ ምን ወሰዱ?» አላት።

«እናትህ አልሆንም፣ እድሜዬ አይደርስም። ቀይና ቢጫ፣ ከዚያ ቀይና ጥቁር።»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መግሉን አወጣላት፤ ከመግሉም በጥጥ ነካ አድርጎ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። እዚያ ጀርሙን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ያያሉ አለን።

«ግደሉልኝ ብዬ ብመጣ እናንተ ታሳድጉልኛላችሁ?»

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ሕመሙ አጥንቱ ጋ ከደረሰ ጣቷ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረን።

ውጤቱን ልንሰማ ስንመለስ ጀርሙ በሁለቱም ቀለሞች የማይሞት ሆኖ ተገኘ። እህቴ ምክንያቱን ካልነገርከኝ አልነሳም አለችው።

«ጀርም ሥጋ የሚያጠቃበት መሣሪያ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት የሚመክትበት ጋሻ አለው» አላት። «የሁለቱም አሠራር ዘሩ ውስጥ ተጽፏል። ሁልጊዜ ባይሆንም አንዳንዴ ሁለቱ ተያይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ ጀርም ለሌላው ሲያቀብል አብረው ይሄዳሉ። እርስዎ መድኃኒት ጀምረው ሲያቆሙ ጋሻ የሌለው ይሞታል፣ ያለው ተርፎ ይራባል። መሣሪያውም አብሮት።»

እኔ ከትምህርት ቤት ቶሎ ብቀርም ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ግማሹ አመለጠኝ። እህቴ ጥብጣቧን ከአንገቷ አውጥታ ፊቱ ላይ አንጠለጠለችው።

«እንዲህ ነው? ቆቧን የወሰደ መቀሷንም ይዞ ሄደ?»

«ልክ እንደሱ!»

«ታዲያ እኔ ሰፈሩን ሳስታጥቅ ነዋ የኖርኩት!»

ሌላ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ነጭ ክኒን። መሻሏን ብታይም ሳትጨርስ እንዳታቆም አስጠነቀቃት። ገና እኩሌታው ሳይደርስ የጣቷ እብጠት ጎደለ፣ ቅላቱም ከክንዷ ወረደ። ይሄኔ ጎረቤታችን ጉንጯን ይዛ መጣች።

«ጥርሴ ሊገድለኝ ነው፣ እትዬ። ያንቺው ጠንካራ ነው አሉ። ከተሻለሽ እንግዲህ...»

እህቴ በዕድሜዋ ለሰው «የለኝም» ብላ አታውቅም። እንዳግዛት አየችኝ። እኔ ክፉዋ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

የሰዓቷ ክኒን ነበር። አነሳችና ጎረቤታችን እያየቻት ዋጠችው፤ ውሃ ጠጣችበት።

«አልሰጥሽም» አለች።

«እንዴ! ለእኔ?»

«ለአንቺም። ለእሷም!» ወደ እኔ ጠቆመች፤ እኔ ምን ጠየቅኳት?

ጎረቤታችን ፊቷ ተለዋወጠ። የታመመ ጉንጯንም ረስታ «ሰው እንዲህ ይቀየራል?» አለች። እህቴ ግን ነጠላዋን ደርባ ቆማለች።

«ተነሺ፣ ያ ልጅ ጋ እወስድሻለሁ። ደግሞ እናቴ ቢልሽ እንዳትቆጪ፣ ለሁሉም ነው የሚለው።»

ውጭ ዝናብ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ጎረቤታችን እያጉረመረመች፣ እህቴ እየመለሰችላት፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ወደ ሚኒባሱ ሲወርዱ። ጃንጥላውን የያዘችው በቀኝ እጇ ነው፤ አውራ ጣቷ እጀታው ላይ ጥብቅ ብሏል።