የትራምፔቱ ተራ

የእስር ቤቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። የድሬን ፀሐይ አብረናት አድገናል፤ ቆርቆሮ ሥር፣ መስኮት በሌለበት፣ ሰው በሰው ላይ ሲደራረብ ግን ሌላ ናት። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን እኔን፣ ሳክስፎን ነፊያችንንና ትራምፔት ነፊያችንን አንድ ክፍል ከተቱን። የቀሩትን የባንዱን ልጆች የት እንዳደረሷቸው አናውቅም።

የያዙን ጃዝ ስንቀዳ ነው። ለካ አንዱ በመስኮት ሰምቶ፣ «የተከለከለ ድርጅት መዝሙር እያዘጋጁ ነው» ብሎ ጠቁሞብናል። መርማሪው ያፈጠጠብኝ በአንድ ነገር ነበር።

«ግጥሙን አምጣ!»

«ግጥም የለውም ጌታዬ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ ያለ ግጥም? በማን ላይ ነው የምትቀልደው?»

የሌለ ነገር ከየት ይመጣል!

ባንዳችን አንድ ሕግ አለው። ሶሎ የያዘ፣ ብቻውን የሚጫወትበት ተራ የደረሰው ሰው መሣሪያውን እስኪያወርድ ማንም አይገባበትም፤ ቢያስረዝምም አጃቢው ይጠብቀዋል። አንድ ከሰዓት ትራምፔት ነፊያችን፣ «አቦ፣ ዝም ብለን ከምንበሰብስ እንለማመድ» አለን። እኔ ባዶ ጀሪካን ላይ ቤዙን መታሁ፤ እሱ ሶሎውን በአፉ፣ በቀስታ ያዘ። መሀል ላይ ሳለ በሩ ተበረገደ።

«አንተ፣ ውጣ!»

ወጣ።

ሳክስፎን ነፊው አየኝና «ልቀበለው?» አለ።

«ተው አቦ፣ አልጨረሰም።»

መምታቴን ቀጠልኩ። ፈርቼ ነበር፤ ካቆምኩ የማይመለስ መሰለኝ። ጣቴ ሲላጥ፣ አጠገቤ የነበሩ የዋሂል ገበሬ «አምጣ ልጄ፣ ላሳርፍህ» ብለው ጀሪካኑን ተቀበሉኝ። እሳቸውም አላቋረጡም።

ሲመለስ አፉ አብጧል፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ያለ ፊት ጥርስ ትራምፔት እንደማይነፋ ሦስታችንም እናውቃለን። ጀሪካኑን ወደ ራሱ ሳበና የቀረውን ሶሎ በጣቶቹ መትቶ ጨረሰው። ከዚያ እጁን አወረደ። «ያዝ» አለው ሳክስፎን ነፊውን።

ዛሬ ትራምፔት ነፊያችን ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጣል። ሳየው አሁንም ያንገበግበኛል፤ ይቅርታ የጠየቀው የለም። ባለፈው ሰሞን ሙዚቃውን እንደገና ስንቀዳ ጠራነው። ትራምፔቱን ይዞ መጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ እኛ አጃቢውን ብቻ ተጫወትን፤ እሱ ትራምፔቱን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ዓይኑን ጨፈነ። ሲበቃው መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ሳክስፎኑም ገባ።

ቀረጻውን የሚያስተካክለው ልጅ በኋላ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ልቁረጠው?»

«እንዳትነካው፤ ሰው አለበት» አልኩት።