በርበሬ የተሰጣበት ግቢ

ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ በርበሬ ስታስፈጭ ብናኙ ጉሮሮዬን ያዘኝና ደጋግሞ አስነጠሰኝ። «ይማርሽ» አለችኝ። እኔ ግን ልቤ ቡሬ ሄዶ ነበር፤ በርበሬ ከዳር እስከ ዳር ወደተሰጣበት ግቢ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴም አስተማሪ ነው፣ ግን መራዊ ተመድቧል። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በአውቶቡስ ይመጣል፣ እሑድ ተመልሶ ይሄዳል። ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልመጣም። እኔ የሦስት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ወር ሕፃን ይዤ፣ ባል ከሞተባቸው አንዲት እናት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ቤቱን ሲሰጡኝ «ልጅ ላለው ሰው አላከራይም ነበር፤ አንቺን አይቼ ነው» ብለውኛል። ስለዚህ ልጆቼ ባለቀሱ ቁጥር እጨነቃለሁ። ውጪ ቢሉኝ የት እገባለሁ?

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ጠርቷል፤ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ልጆቼን የምትይዝልኝ ልጅ ለአጨዳ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ቀረች። ጎረቤት ለምኜ አስተምራለሁ፤ ስመለስ የሽንት ጨርቅ አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ ደብተር አርማለሁ። ሕፃኑ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። ጠመኔ እንደያዝኩ፣ ቆሜ ዓይኔ የሚከደንበት ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው እንኳ ይደክመኛል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አከራዬ አዲስ የተለቀመ በርበሬያቸውን ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አሰጡ። «ልጅቷን ከበርበሬው አርቂያት» ብለውኝ ገቡ። «እሺ እማማ» አልኩ። ሕፃኑን እያጠባሁ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፤ የቀሰቀሰኝ የልጄ ጩኸት ነው።

በርበሬውን ጨፍልቃ በዚያው እጇ ሁለቱንም ዓይኖቿን አሽታለች። አንስቼ ማቀፍ ሲገባኝ መታኋት። አዎ፣ መታኋት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አከራዬ ሮጠው ወጡ። ልጅቷን ከእጄ ነጥቀው ዓይኗን በውሃ ደጋግመው አጠቡላት፤ እጆቿን ቅቤ ቀቡላት። ለቅሶዋ ወደ መነፋረቅ ሲወርድ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ሊያስወጡኝ ነው» አልኩ በልቤ።

«ከተኛሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»

«እንጃ እማማ» አልኩ።

«ስጪኝ ሕፃኑን። ግቢና ተኚ።»

«ደብተር አለብኝ…»

«ተኚ አልኩሽ!»

ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጸጥታው አስደንግጦኝ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እሳቸው ሕፃኑን አዝለው ደጃፋቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ልጄ የነጠላቸውን ጫፍ ይዛ ትከተላቸዋለች። በቀስታ እሹሩሩ ይላሉ፤ ሕፃኑን የሚጠሩት ግን በራሱ ስም አልነበረም። እኔ በማላውቀው በሌላ ስም ነው። ሲያዩኝ ሕፃኑን አውርደው ሰጡኝ። የማን ስም እንደሆነ ኋላ ጎረቤቴ ነገረችኝ፦ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ገና ሳይራመድ ኩፍኝ ወሰደባቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ልጆቼን የሚይዙልኝ እሳቸው ሆኑ። ሕፃኑም በሁለቱም ስም ሲጠራ ዞር ማለት ለመደ።

በዓመቱ የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰ። ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ መራዊ ልንሄድ ስንል፣ ልሰናበታቸው በራቸውን አንኳኳሁ። አልከፈቱም።

«በሰላም ግቡ» አሉ ከውስጥ። «ወገቤን አሞኝ ነው የማልወጣው።»

ወንድ ልጄ ያኔ መራመድ ከጀመረ ወር አልሞላውም። እየተንገዳገደ ሄዶ የተዘጋውን በር በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ቆየና ደግሞ መታው። ባለቤቴ መኪናው እየጠበቀ ነው ሲለኝ አንስቼ አዘልኩት። እንጅባራ እስክንደርስ እያለቀሰ ሄደ፤ እኔም ዝም በል አላልኩትም።