ለፍላፊው በአባያ ዳር

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዲላ ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አስተምሬአለሁ። ስፋታቸውንና ጥልቀታቸውን በቃሌ እወጣዋለሁ። ሐዋሳን፣ ጫሞንና አባያን ዓይኔን ጨፍኜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እስላቸው ነበር። እግሬን ግን አንዳቸውም ውስጥ ነክሬ አላውቅም።

ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ባለቤቴ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ ሞባይል ገና ዲላ በገባበት ሰሞን ነው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገርም የሚያምነኝ አልነበረም። እኔ በከተማው የታወቅኩ ቀልደኛ ነኝ። በገዛ ሚስቴ ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ጥግ ላይ የነበረ ጎረቤቴ ቀድሞ ሳቀ። አልፈረድኩበትም። አሥራ አምስት ዓመት ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ ላወራ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሰዉ ሳቅ ፊቱ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እኔም ላለማሳፈር ሌላ ነገር አወራለሁ። ቤት ስገባ ሁለቱ ክፍል እንደ ስታዲየም ይሰፋብኛል። ሬዲዮ ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር እከራከራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

የፈለግኩት፣ ሚስቴ ሞተች ስለው የማይስቅ አንድ ሰው ነበር። እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ዝም ብዬ የምቀመጥበት ቦታ።

መጀመሪያ ሐዋሳ ሄድኩ። መንጠቆና ክር ይዤ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ፣ ጡረታ እንደወጣ ርእሰ መምህር እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ መስሎ ቆሟል። ጥሩ ጎረቤት ነው፣ ቀልድ አይጠይቅም። ገና ትሉን መንጠቆው ላይ ስሰካ ግን የዓሣ ቆዳ ከሚገፍፉት መካከል አንዱ ቀና አለ።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? እናንተ፣ ኑ፣ ኑ፣ ያስተማሩኝ ሰውዬ እኚህ ናቸው። እስቲ ያቺን የዝንጀሮዋን ቀልድ ይንገሩልኝ።»

ነገርኩ። የሐይቁ ዳር በሙሉ ሳቀ። ቆሮሶ ድንጉጥ ዓሣ ነው፤ በዚያ ሳቅ እስከ ሻላ ሐይቅ ሳይሸሽ አይቀርም።

ጫሞ ሩቅ ነው። ከሰው ይልቅ አዞ የሚበዛበት አገር ማን ያውቀኛል ብዬ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ ደረስኩ። የጀልባው ነጂ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ የነበረ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ።

«መምህር፣ አዞዎቹንም አስተምረዋቸዋል መሰለኝ፤ ሲያዩዎት አፋቸውን ዘጉ» አለኝ።

ከኔው የተማረውን ነው፣ ምን እላለሁ።

ስለዚህ ቅርቡ ሐይቅ የመጨረሻዬ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ወደ ቆላው ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ እስከ አባያ። እዚያ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ከቀላል እንጨት የታሰረች ታንኳ አለችው፤ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች፣ እሱንም ግማሹን ውሃ ውስጥ ነክራ። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ደስታዬን አልነግራችሁም።

«አባቴ፣ ይህ ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ነው፤ ስኳር ብቻ ነው የጎደለው» አልኩት። አባያ እውነትም ደፍርሶ ቡናማ ነው።

አየኝ። ክሩን ጠቀለለና እየቀዘፈ ከኔ ራቀ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ስለ አዞ አንድ ቀልድ አመለጠኝ። ያን ጊዜ ተናገረ። አማርኛው ጥቂት ነው፤ የኔ ጌዴኦኛም ሆነ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም።

«አንተ ብዙ ትናገራለህ። ዓሣ ይሰማል። ደግመህ ካወራህ ሌላ ቦታ ፈልግ።»

ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ሐይቅ አልቆብኛል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከማለዳ እስከ ረፋድ አልተነፈስኩም። ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብላ ልታንቀኝ ነበር። ጉማሬ ሲያዛጋ አየሁ፤ ጉማሬ ሲያዛጋ አይቶ ዝም ያለ የዲላ ሰው እኔ የመጀመሪያው መሆን አለብኝ። በመጨረሻ ሽማግሌው ታንኳውን ዳር አስጠግቶ ወረደና ክሬን አመልካች ጣቴ ላይ አሳረፈው።

«ውሃው አይታይም። በጣት ነው የሚታየው» አለ።

እውነቱን ነበር። ቆሮሶ ክሩን ነካ ነካ ያደርጋል፣ ለመውጣት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ተማሪ። አምባዛ አይነካካም፤ ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እንደ ባለሥልጣን። ይህን ሁሉ ማነጻጸር በሆዴ ያዝኩት። ያን ቀን እሱ የክንዴን ርዝመት የሚያህል አምባዛ አወጣ፣ እኔ መዳፍ የምታህል ቆሮሶ። ስነግራችሁ ክንዴን አላስረዘምኩትም።

ዓሣውን በሣር ሲያስር፣ «ማን ይሠራልሃል? ሚስት አለች?» አለኝ።

ሦስት ቀልድ ባንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የትኛውም ቢሆን ጥሩ ነበር።

«ሞታለች» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሆናት።»

ከልማዴ የተነሳ ሳቁን ጠበቅኩ። ሽማግሌው ሣሩን ማሰር አቆመ።

«ልጅ?»

«የለም።»

ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። ስለሷ ስንት ነገር ልነግረው እችል ነበር፣ ከዚያ በላይ ግን አልወጣልኝም። ቆይቶ ሰማዩን አየና «ንፋስ ሊነሣ ነው። ሂድ አሁን» አለኝ። አምባዛውን ወደ ራሱ አደረገ፣ ቆሮሶዋን ሰጠኝ። «ትልቁን ብቻህን አትጨርሰውም።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ቅዳሜ ወረድኩ። እሱ ታንኳው ላይ፣ እኔ ዳር ላይ፤ ስለሷ ዳግመኛ አላነሣንም። እኔም ከጊዜ ብዛት የራሴን አምባዛ ማውጣት ቻልኩ። መሄጃዬ ሲደርስ ግን ሽማግሌው የያዝነውን ሁሉ ሣሩ ላይ ይዘረጋና እያገላበጠ ለአንድ ሰው የምትበቃውን ይመርጥልኛል።